ሆዷን አይተን አመንናት

በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ። ይህ ጽሑፍ የፊልሙን መጨረሻ ያበላሻል። ያውም በግማሽ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ። "ካሃኒ"ን ያላያችሁ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። ሁለት ሰዓት ነው፣ አይታችሁ ተመለሱ። ገጹ የትም አይሄድም።

አያችሁ? እንቀጥል።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት እህቴ ለመውለድ ቤት በመጣችበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ማለቴ፣ ለሰው ስንናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ወደዚህ እመለስበታለሁ። በእኛ ቤት ደንብ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ዘንድ ነው። ባሏ ሻንጣዋን ተሸክሞ አመጣት፣ ምሳ በላ፣ ተመረቀና ሄደ። እሷም ሳሎን ያለው ረጅሙ ሶፋ ላይ ሦስት ትራስ ደግፋ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋው የሷ ሆነ። ሪሞቱም እንደዚሁ።

እኔ ያኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ማታ ስመለስ ሰፈራችን ካለው ፊልም ቤት ፍላሽ ላይ የሆነ ነገር አስጭኜ እገባለሁ። የዚያን ቀን ልጁ፣ "አሪፍ የህንድ ፊልም አለ። የግድያ ምስጢር ነው፣ ጭፈራ ምናምን የለውም" አለኝ። ለኔ ማሞገሱ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ይኸው ራሱ ጥፋት ሆነ። እማዬ በልጅነቷ መርካቶ ሲኒማ ቤት ተሰልፋ የህንድ ፊልም ያየች፣ እያየችም ያለቀሰች ሴት ናት። ለሷ የህንድ ፊልም ማለት ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ዘፈንና አንድ የጠፋ ወንድም ነው። "ዘፈን ከሌለው ምኑን የህንድ ሆነ?" አለች። ቡናው ቀርቦ ስለነበር ግን ተቀመጠች።

ሌላው ችግር ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እማዬ "ምን አለች?" ትላለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ስተረጉም ቀጣዩ መስመር ያልፈኛል። ፍንጮቹ ሁሉ ያመለጡኝ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እስካሁን እከራከራለሁ። የሚያምነኝ የለም።

"ካሃኒ" በሂንዲ ታሪክ ወይም ተረት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2012 ነው የወጣው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዳይሬክተሩ ሱጆይ ጎሽ ይባላል። ከዚያ በፊት በ2009 የሠራው ትልቅ ፊልም ክፉኛ ከስሮ ነበር። ይህኛው የተሠራው ወደ 8 ክሮር ሩፒ በሚጠጋ ገንዘብ ነው። ክሮር የሚሉት አሥር ሚሊዮንን ነው። ለቦሊውድ የኪስ ገንዘብ በሉት። ዓለም ላይ ዞሮ ያስገባው ግን ከ100 ክሮር በላይ ነው። ዋና ተዋናይዋ ቪድያ ባላን ከጥቂት ወራት በፊት በሌላ የሂንዲ ፊልም የደቡብ ህንድ ሲኒማ ደፋር ተዋናይት ሆና አገሩን ሁሉ ስታነጋግር የነበረች ናት። እዚህ ላይ ደግሞ ልቅ ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ሆዷን አስቀድማ መጣች። ወንድ "ጀግና" የሚባል ነገር የለም። አንዲት ሴት፣ አንድ ከተማና አንድ የጠፋ ባል።

መክፈቻው ላይ የሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጦች በመርዝ ጋዝ ይሞታሉ። ቀጥሎ ኮልካታ፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር። ህንድ ውስጥ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ነው፣ ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ። ሰው ጢም ብሎ ተሳፍሯል። ከዚያ የሚተነፍስ የለም። እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

ሁለት ዓመት ያልፋል። ከለንደን የመጣች እርጉዝ ሴት ኮልካታ ኤርፖርት ወርዳ ቢጫ ታክሲ ትይዛለች። ሆቴል አልፈለገችም። በቀጥታ ወደ ካሊጋት ፖሊስ ጣቢያ። ቪድያ ባግቺ ነኝ አለች። ባሌ አርናብ ለሥራ እዚህ መጥቶ ድምፁ ጠፋ።

"ታሳዝናለች" አለች እማዬ።

እህቴ ከሶፋዋ ላይ፣ "ስንት ወሯ ነው?" አለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰባት ይሆናል።"

"እና ከለንደን ድረስ ማን አሳፈራት?"

እውነቷን ነው። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። ከ36ኛው በኋላማ አብዛኞቹ አያሳፍሩም። እህቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ እርግዝናዋን እንደ ፈተና ነበር የምታጠናው። እኔ ግን፣ "ፊልም ነው፣ ተይ እንጂ" አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "አነሳሷን አያችሁ? እንዲህ አይነሳም" አለች። እማዬ "አንቺ ደግሞ ሰው አታምኚም!" ብላ ተቆጣቻት። "ሆዷን ይዛ ባሏን ፍለጋ አገር አቋርጣ መጥታ፣ አታሳዝንሽም?"

"እኔን አታሳዝነኝም" አለች እህቴ። ትራሷን አስተካክላ ተቀመጠች።

እንግዲህ ወንጀሉ ተፈቶ ነበር። ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ እኛ ሳሎን፣ በአንዲት ድርስ እርጉዝ። ማንም አልሰማትም።

ፊልሙ ውስጥ ያለውም ሰው አልሰማም። የባሏ መሥሪያ ቤት ነው ወደተባለው ትሄዳለች፣ እንዲህ የሚባል ሰው ሠርቶ አያውቅም ይሏታል። አርፎበታል ወደተባለው ርካሽ እንግዳ ማረፊያ ትሄዳለች፣ እዚህ አልመጣም ይሏታል። መዝገብ ይገለጣል፣ ስሙ የለም። በያንዳንዱ "የለም" ላይ እኛ ሳሎን ውስጥ ጥርሳችንን እናፋጫለን። ውሸታሞች! ምን ደብቀው ነው? ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረች ሴት፣ የባልሽ ፎቶ ሚላን ዳምጂ የሚባል የቀድሞ ሠራተኛችንን ይመስላል ትላታለች። ያቺ ሴት ወዲያው ትገደላለች። በቃ፣ ጥርጣሬያችን ማህተም ተመታበት። ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ይህቺን ምስኪን እያታለሏት ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚያ ሰዎች ሁሉ እውነታቸውን ነበር። አርናብ ባግቺ እዚያ መሥሪያ ቤት ሠርቶ አያውቅም። እዚያ ማረፊያ አድሮ አያውቅም። ምክንያቱም አርናብ ባግቺ የሚባል ሰው የለም። የማረፊያው ሰውዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ፖሊሶቹ፣ አንዳቸውም አልዋሹም። ቀጣፊ የመሰሉን እውነት የተናገሩት ናቸው። ያመንነው የዋሸችውን አንዷን ነው። ለዚህ ደግሞ ዳይሬክተሩ ምንም አልደበቀብንም። የ"የለም"ን ወረቀት ሁሉ ፊታችን ዘርግቶ አሳየን። ዓይናችንን የጋረደው ሆዷ ነው።

ይህንን ሳስብ አንዳንዴ እሸማቀቃለሁ። እርጉዝ ሴት ስናይ የምንሆነውን ታውቃላችሁ። ታክሲ ውስጥ ጋቢናው ይለቀቅላታል። ወረፋ ላይ "እሷን አሳልፏት" ይባላል። የሚበላ ነገር ይዘን ፊቷ ስናልፍ፣ አምሯት እንደሆነ ብለን እናቀምሳታለን። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አይባልም። ኮልካታም እንደዚሁ ነው። ወንበር ይሳብላታል፣ ሻይ ይቀርብላታል፣ የተዘጋ ቢሮ ይከፈትላታል። አንድ ሰላይ ይህን ሁሉ በር ለመክፈት ስንት ዓመት ይፈጅበት ነበር?

ከሁሉ የከፈተላት ራና ነው። ለጋ ፖሊስ፣ ዓይን አፋር፣ ሸሚዙ በሥነ ሥርዓት የተተኮሰ። ፓራምብራታ ቻተርጂ ነው የሚጫወተው። ከሷ ጋር እየዞረ ሲፈልግ ቀስ ብሎ ይወዳታል፣ አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም። ሊናገርስ እንዴት? ባሏን እየፈለገች ያለች እርጉዝ ናት። እማዬ ራናን በጣም ወደደችው። "ይሄ ነው ልጅ" አለች፣ እኔን እያየች።

ራና ነው ስለ ስም የሚነግራት። የኮልካታ ሰዎች፣ ቤንጋሊዎቹ፣ ሁለት ስም አላቸው። አንዱ የመዝገብ ነው፣ ትምህርት ቤትና መታወቂያ ላይ የሚሰፍረው። ሌላው መጠሪያ ነው፣ እናትና ጎረቤት የሚጠሩበት። ራና የቤቱ ስሙ ነው፣ የመዝገቡ ሳትዮኪ። ይህን ስተረጉምላት እማዬ ደስ አላት። "እንደኛ ናቸዋ!" እውነትም። የኔን የመዝገብ ስም ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ የሚያውቅ አታገኙም። ሌላም ጨዋታ አለ። ቤንጋሊዎች "ቪ" የምትለዋን ድምፅ "ቢ" ነው የሚሏት፣ ስለዚህ ቪድያ ሁልጊዜ "ቢድያ" ትባላለች። እሷም ሁልጊዜ ታርማለች። ቪድያ! ሳቅን። አሁን ሳስበው በውሸት ታሪክ የገባች ሴት ስሟ በአንድ ፊደል ሲበላሽ እየተቆጣች ማረሟ ራሱ የሥራው አካል ይመስለኛል። ስሙ ሲበላሽበት የሚናደድን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ካን አለ። ከደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጣ፣ አጭር፣ ሲጋራ ከአፉ የማይጠፋ፣ ፖሊሶቹን በዕድሜ ሳይመርጥ የሚያመናጭቅ። ናዋዙዲን ሲዲቂ ነው፣ ያኔ ገና ስሙ መነሳት የጀመረ ሰሞን። ካን ለማንም አያዝንም፣ ለእርጉዝም ቢሆን። በሷ በኩል ሚላን ዳምጂን ለመያዝ ያስባል። እንደ ትል መንጠቆ ላይ ሰክቶ ሊያጠምድባት ነው። ብትሞትም ደንታው አይደለም።

እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው። ራና በደግነቱ ተታለለ። ካን በክፋቱ። ካን በሆዷ አላዘነም፣ ግን ሆዷን አይቶ አቅመ ቢስ ናት አለ። እርጉዝ ሴት መሣሪያ ልትሆንለት ትችላለች እንጂ እሱን መሣሪያ ልታደርገው ትችላለች ብሎ አልጠረጠረም። አዛኙም ናቂውም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የወደቁት፣ በሁለት በኩል ገብተው። እኔ ከራና ጋር ነበርኩ ብዬ መጽናናት እችል ነበር። ግን እህቴን "ፊልም ነው፣ ተይ እንጂ" ያልኳት ነገር ከየትኛው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ ቦብ ቢስዋስ ሳልናገር ካለፍኩ ፊልሙን ያያችሁ ትጣሉኛላችሁ። ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ነው። ግን እንዴት ያለ ነፍሰ ገዳይ? ቦርጫም፣ መነጽራም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጭ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለቃው ሽያጭ የለህም ብሎ ያመናጭቀዋል፣ እሱም አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ስልኩ ላይ የሚገደለው ሰው ፎቶ ይደርሰዋል። ሄዶ በሩን ያንኳኳል። እጆቹን አገናኝቶ በትሕትና ሰላምታ ይሰጣል፣ "አንድ ደቂቃ" ይላል። ከዚያ ይተኩሳል። በቃ። ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ግን ከሱ በኋላ ስሙን የያዘ ራሱን የቻለ ፊልም በ2021 ተሠርቶለታል። ኢንሹራንስ ሻጭ በር ሲያንኳኳብን መደበቃችን ለካ ምክንያት ነበረው።

ቦብን የሚጫወተው ሳስዋታ ቻተርጂ ነው። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቤንጋሊዎች የመርማሪ ታሪክ ነፍሳቸው ነው። ፌሉዳ የሚባል፣ ሳትያጂት ራይ የፈጠረው ተወዳጅ መርማሪ አላቸው፣ ቶፕሼ የሚባል ወጣት ረዳት አለው። ሳስዋታ በወጣትነቱ ቶፕሼን ተጫውቷል። ከሱ በኋላ ደግሞ ፓራምብራታ ያንኑ ቶፕሼን ተጫውቷል። ስለዚህ የኮልካታ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ይህን ፊልም ሲያይ፣ ነፍሰ ገዳዩም ፖሊሱም አንድ ጊዜ የዚያው መርማሪ ታማኝ ረዳት የነበሩ ፊቶች ናቸው። ገዳዩ የሚያምኑት ፊት ነው። እኛ ይህ ሁሉ አልፎን ነው ያየነው።

ቦብ የምድር ባቡሩ መድረክ ላይ እርጉዟን ሲያገኛት እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "እርጉዝ ላይ! እግዜር ይይልህ!" እህቴ ሳቋ አመለጣት።

ደካማውንም ላንሳ፣ ውዴታ ብቻ እንዳይመስል። ኮምፒውተር ነክ ትዕይንቶቹ ያናድዳሉ። እኔ እንጀራዬ ኔትወርክ ነው፣ ምናልባት ለዚያ ይሆናል። ሌሊት ቢሮ ሰብሮ ገብቶ፣ ሁለት ሦስት ነገር ተይቦ፣ ምስጢሩን ሁሉ ማግኘት የሚባል ነገር የለም። እኔ በሥራዬ ላይ ፕሪንተር ለማገናኘት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። መጨረሻ ላይም ምስጢሩን አንድ በአንድ ወደኋላ እየመለሱ ማብራራታቸው ትንሽ በዛብኝ። ያልገባው ሰው እንዳይቀር ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን ለምሳሌ እህቴ ምንም ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የአርትዖቱ ነገር ግን አይነካም። ናምራታ ራኦ ናት የቆረጠችው፣ የአገሪቱን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አግኝታበታለች። የታሪክ ድርሰቱም እንደዚሁ ተሸልሟል። ይገባቸዋል።

ከተማዋ ደግሞ አለች። ብዙው ነገር የተቀረጸው እውነተኛ መንገድ ላይ፣ ሰው እንዳይሰበሰብ ካሜራ እየደበቁ ነው። ቢጫ ታክሲ፣ ትራም፣ በሰው የሚጎተት ጋሪ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ። ጊዜው የዱርጋ ፑጃ ነው። ይህ በዓል በመስከረምና በጥቅምት መካከል ይውላል፣ ከኛ መስቀል ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፣ መስቀል በ2013፣ የኮልካታው ዱርጋ ፑጃ በ2021። ኩማርቱሊ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ወሩን ሙሉ ከገለባና ከወንዝ ጭቃ የአምላኳን ምስል ሲሠራ ይከርማል። ዱርጋ አሥር እጅ አላት፣ በያንዳንዱ የጦር መሣሪያ ይዛለች። አንበሳ ላይ ሆና ማሂሻሱራ የሚባለውን፣ በጎሽ መልክ የሚመጣ ጋኔን ትወጋለች። ጋኔኑን ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተሰጥቶት ነበር። ሴትን ግን ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ቤንጋሊዎች ዘንድ ግን ዱርጋ ተዋጊ ብቻ አይደለችም። ልጅ ናት። የቤቱ ሴት ልጅ። ተራራ ላይ ካለው ከባሏ ከሺቫ ቤት ልጆቿን ይዛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿ ቤት ትመጣለች። ጥቂት ቀን ተቀምጣ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ በአሥረኛው ቀን እየተለቀሰ ወደ ሁግሊ ወንዝ ትሸኛለች። ይህን ያነበብኩት ፊልሙን ካየሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ሳነበው ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ወንዙም ጋኔኑም አልነበረም። ሦስት ትራስ ደግፋ ሶፋችን ላይ የተቀመጠችው እህቴ ናት።

እሺ። መጨረሻው።

አሥረኛው ቀን፣ የሽኝቱ ሌሊት ነው። ሚላን ዳምጂ፣ ከባቡሩ መርዝ ጀርባ ያለው ሰው፣ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል። እሷ ነጭ መሬቱ ቀይ ጥለት ያለው ሳሪ ለብሳለች። ሊገድላት ሲል ሆዷን ታወጣለች። አዎ፣ ታወጣለች። ሰው ሠራሽ ነው። በፀጉሯ መያዣ እንጨት ትወጋዋለች፣ ከዚያ በገዛ ሽጉጡ። ራናና ካን ሲደርሱ እሷ የለችም። መንገዱ ላይ ነጭና ቀይ ሳሪ የለበሱ፣ ፊታቸውን በቀይ ዱቄት የተቀባቡ ሴቶች ሞልተዋል። አንዷ ናት። የትኛዋ?

እዚህ ላይ አንድ ያወቅኩት ነገር አለ፣ ለኔ ከሁሉም የከበደኝ። ያንን ቀይ ዱቄት የሚቀባቡት ባለትዳር ሴቶች ናቸው። በወጉ መሠረት ባሏ የሞተባት ሴት አትሳተፍም። ቪድያ ግን ባሏ ሞቷል። ባሏ የደኅንነት ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያ ባቡር ውስጥ ነበረ። የሱን አስከሬን ያየች ዕለት የያዘችው ጽንስ ወረደ። ስለዚህ ሆዱ ውሸት ነው፣ ግን ከምንም የተፈጠረ ውሸት አይደለም። ነበረ። ዘንድሮ የለም እንጂ ከሁለት ዓመት በፊት ነበረ። ያጣችውን ነገር በጎማ ሠርታ አስራ ነው ከተማዋ የገባችው።

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቆራረጠ። እማዬ "ምን አለች?" አላለችም።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። እህቴም ከሁለት ዓመት በፊት ወርዶባት ነበር። በአራተኛ ወሯ። ያወቅነው አራት ሰው ነን፣ ከዚያ በኋላ ስሙ ቤት ውስጥ አልተነሳም። እማዬ ጎረቤት "የመጀመሪያዋ ነው?" ሲል "አዎ፣ የመጀመሪያዋ" ትላለች። እህቴም ትሰማለች፣ ዝም ትላለች። ለዚያ ነው ያን ማታ ሳሎኑ ጸጥ ያለው። የቤንጋሊዎቹን ገጣሚ የታጎርን የድሮ ዜማ አንጋፋው ተዋናይ አሚታብ ባቻን በዚያ ጎርናና ድምፁ ያዜመው ፊልሙ ውስጥ ቀደም ሲል አልፎ ነበር። ጥሪህን የሚሰማ ባይኖር ብቻህን ሂድ የሚል ነው፣ ታጎር በ1905 የጻፈው። እማዬ ያኔ "ይኸው ዘፈን!" ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ምንም አላለችም።

እህቴ ትራሷን ይዛ ተነሳች። ሶፋውን በአንድ እጅ ተደግፋ፣ ሆዷን በሌላው ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እውነተኛ እርጉዝ። "አላልኳችሁም?" አለች። ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ድል አድራጊ መምሰል ፈልጋ ነበር፣ ግን አልወጣላትም።

እስከ ዛሬ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቪድያ ባላን እርጉዝ ሳትሆን እርጉዝ የምትመስል ሴትን ነው የተጫወተችው። ስለዚህ አነሳሷ ትክክል ካልሆነ፣ ትክክል ነው ማለት ነው። እህቴ ያየችው የተዋናይዋን ስህተት ነው ወይስ የባለታሪኳን? ጠይቄያት አውቃለሁ። "እኔ ስህተት መች አየሁ" አለችኝ። "ሆዷን ስትይዝ ሆዷን አታይም። ሌላ ነገር ነው የምታይ። እኔ እንደዚያ ያየሁበት ጊዜ ነበረ።" ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ልጅ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሁድ እነሱ ቤት ነበርኩ። እህቴ ራሷ ናት ፊልሙን የከፈተችው፣ "ያ ያንተን ፊልም" ብላ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ስልኳን ትነካካለች። የባቡሩን ትዕይንት አሳለፍንባት። ኤርፖርቱ መጣ። ቢጫው ታክሲ መጣ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ይዛ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች።

"ታሳዝናለች" አለች።

እህቴ እኔን አላየችኝም።

"አዎ" አለች። "ታሳዝናለች።" ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ጨመረችው።